በኢፍጣር ማዕድ ላይ ስልካችን የት ነው?

በዛሬው ጽሑፋችን የምንነጋገረው ስለ ጾም ድንጋጌዎች አይደለም። ቀን ከእጃችን ስለማይለይ፣ በኢፍጣር ሰዓት ከቴምሩ አጠገብ ስለሚቀመጥ፣ ሌሊትም ከትራሳችን ሥር ስለሚያድር ዕቃ ነው። ስለ ስልካችን ነው።

የሌላውን ቤት ከመናገራችን በፊት ከራሳችን ቤት እንጀምር። ባለፈው ረመዳን አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ የአሥራ አንድ ዓመቱ የመጨረሻ ልጃችን ሒፍዙን እያሰማን ነበር። ሙስሐፉን ዘግተን በጆሯችን እንከታተላለን። በመሐል ስልካችን ነዘረ። የመስጂዱ የኢፍጣር ዝግጅት ጉዳይ ነው ብለን አነሣነው፤ መልስ ጻፍን። ከእርሱ ቀጥሎ ሌላ መልእክት መጣ። ከዚያም አንድ ወዳጃችን የላከልንን ቪዲዮ ከፈትን። ልጁ ሱራውን ጨርሶ ዝም አለ። «ማሻአላህ፣ ጥሩ ነው» አልነው። እርሱ ግን ከተቀመጠበት አልተነሣም።

«አባ፣ አንድ ገጽ ዘልያለሁ እኮ። እየሰሙኝ እንደሆነ ለማወቅ ብዬ ነው» አለን።

ከሠላሳ ዓመት በላይ ልጆች አስቀርተናል። አንድ ሐረካ የተሳተ እንደሆነ ከእንቅልፋችንም ቢሆን የምንነቃ ይመስለን ነበር። ያን ቀን ግን ሙሉ ገጽ በጆሯችን አጠገብ አልፎ ሄደ። ልጁ አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። ወደ ስልኩ አየት አደረገና ዓይኑን ሰበረ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ረመዳን ከሰማናቸው ዳዕዋዎች ሁሉ የልጃችንን ያህል የገሠጸን የለም።

ቀለበቱና ኩታው

ይህ ነገር ከደረሰብን በኋላ ለዓመታት ስናስተምራቸው የኖርናቸውን ሁለት ሐዲሶች እንደ አዲስ አነበብናቸው። የመጀመሪያው ኢማም አን-ነሳኢ ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) የዘገቡት ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ቀን ቀለበት አድርገው ነበር። ከሰሓባዎቻቸው ጋር ተቀምጠው ሳለ፣ ቀለበቱ አንድ ጊዜ ወደ እርሱ፣ አንድ ጊዜ ወደ ሰዎቹ እንዲያዩ እያደረገ ሐሳባቸውን እንደወሰደባቸው ተናገሩና አውልቀው ጣሉት።

ሁለተኛው ቡኻሪና ሙስሊም ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የዘገቡት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥለት ባለው ኩታ ሰገዱ፤ ጥለቱም ዓይናቸውን ሳበው። ሶላቱን እንደጨረሱ ኩታውን ለሰጣቸው ለአቡ ጀህም እንዲመልሱለት፣ በምትኩ ጥለት የሌለውን ወፍራም ኩታ እንዲያመጡላቸው አዘዙ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ቀለበቱ ሐራም አልነበረም፤ ኩታውም ሐላል ልብስ ነበር። ስጦታውንም ቢሆን ሰጪውን እንዳያስከፉ በሌላ ለወጡት እንጂ አልናቁትም። ጉዳዩ የዕቃው ክፉነት ሳይሆን፣ አጠገባቸው ላለው ሰውና በፊቱ ለቆሙለት ጌታ የሚገባውን ልብ መሻማቱ ነበር። አንድ ቀለበት እንዲህ ከተባለለት፣ በደቂቃዎች ልዩነት የሚጮኸው፣ የሚነዝረውና የሚያበራው ዕቃ ምን ይባል?

ስልክ ጠላታችን አይደለም

ይህን ስንል ስልክን የሚያወግዝ ፈትዋ እየሰጠን አይደለም። እኛ በልጅነታችን ቁርኣን የቀራነው በእንጨት ሉሕ ላይ በቀለም እየጻፍን ነው። የዕለቱ ትምህርት ቃል በቃል ካልተያዘ ሉሑ አይታጠብም፤ ሉሑ ካልታጠበም አዲስ ትምህርት አይጻፍበትም። ዛሬ ግን ሙሉ ቁርኣን፣ በሐጂ ሙሐመድ ሣኒ ሐቢብና በሸይኽ ሰይድ ሙሐመድ ሷዲቅ ከተዘጋጀው የአማርኛ ትርጉም ጋር፣ በደረት ኪስ ይገባል። ያን ጊዜ ቀናትን በእግር ተጉዞ ሸይኽ ይፈለግ ለነበረው ጥያቄ ዛሬ መልሱን ቤት ቁጭ ብሎ ማድመጥ ይቻላል። ይህ ኒዕማ ነው፤ ኒዕማም ይመሰገንበታል።

ትልቁ ኒዕማ ደግሞ የተራራቀን ዘመድ ማገናኘቱ ነው። ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከአርሲ፣ ከሥልጤና ከሌላውም አካባቢ ስንት ልጆቻችን በጂዳ፣ በሪያድ፣ በዱባይና በቤይሩት በሰው ቤት እየሠሩ ይጾማሉ። ቀድሞ ቤተሰብ ድምፁን በካሴት ቀርጾ ለመንገደኛ ይሰጥ ነበር፤ መልሱ እስኪመጣ ወራት ያልፉ ነበር። ዛሬ እናት የልጇን ፊት በኢሞ ወይም በዋትስአፕ በየማታው ታያለች። ሲለቱ ረሒምን በዚህ መልክ ላቀለለልን አላህ ምስጋና ይገባዋል።

ነገር ግን አንዲት እናት ከተራዊሕ በኋላ መጥተው የነገሩን ከልባችን አልወጣም። «ሸኻችን፣ ልጄ ከጂዳ ስትደውል ስልኩ አለ፤ ሰው ግን የለም» አሉን። ነገሩ እንዲህ ነው። በረመዳን የአሠሪዎቿ ቤት ሥራ ስለሚበዛ ልጅቱ በቀን የምታገኘው ዕረፍት ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። በዚያች ግማሽ ሰዓት ትደውላለች። ወንድሟ «አሰላሙ ዐለይኪ፣ ደህና ነሽ?» ይልና ስልኩን ለእህቷ ያቀብላል፤ እህቷም ሰላም ብላ ምንጣፉ ላይ ታኖረዋለች። ሁለቱም ወደየራሳቸው ስልክ ይመለሳሉ። ልጅቱ አንድ ቀን ለእናቷ፣ «እማ፣ ዛሬም ያየሁት ኮርኒሱን ነው» አለቻቸው።

ወንድምና እህቷ አቀርቅረው የሚያዩዋቸውን ሁለቱን ስልኮች የገዛችላቸው እርሷ ናት። ከደመወዟ ቆጥባ፣ ለመንገደኛ አደራ ሰጥታ የላከችው።

እንግዲህ ሩቅ ያለውን የሚያቀርበው መሣሪያ፣ ቅርብ ያለውን ደግሞ ያርቃል። የትኛውን እንዲሠራልን ማዘዝ ያለብን እኛ ነን። አቅረዕ ኢብኑ ሓቢስ የተባለው ሰው አሥር ልጆች እያሉት አንዱንም ስሞ እንደማያውቅ ሲናገር፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የማያዝን እንደማይታዘንለት ነግረውታል። ዛሬ ልጆቻችንን እንስማለን፤ ግን ፊታችንን እንሰጣቸዋለን ወይ? ፊት መስጠትም ከእዝነት ነው።

ሰውነታችን ሐቅ አለው

ወደ ጤናችን እንምጣ። ዐብደላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ) ቀኑን ሁሉ እየጾመ፣ ሌሊቱን ሁሉ እየቆመ ሲያስቸግር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰውነቱ በእርሱ ላይ ሐቅ እንዳለው፣ ዓይኑ ሐቅ እንዳለው፣ ሚስቱም ሐቅ እንዳላት አስተምረውታል። ሐዲሱ በቡኻሪ የተዘገበ ነው። የሰውነትን ሐቅ ስለ ዒባዳ ተብሎ እንኳ መንፈግ ካልተፈቀደ፣ ስለ ቪዲዮ መንፈጉ እንዴት ይታያል?

ቀለል ያለ ሒሳብ እንሥራ። በብዙ መስጂዶቻችን ተራዊሕ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ያበቃል። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የተኛ ሰው ለሱሑር ዐሥር ሰዓት ቢነሣ ስድስት ሰዓት ተኩል ይተኛል። ስልኩን ይዞ እስከ እኩለ ሌሊት የቆየ ሰው ግን አራት ሰዓት ብቻ ይተኛል። በየሌሊቱ የጎደለው ሁለት ሰዓት ተኩል በ30 ሌሊት ሲባዛ 75 ሰዓት ይሆናል፤ ይህም ከሦስት ሙሉ ቀንና ሌሊት በላይ ነው። የጤና ባለሙያዎች ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ እንደሚያስፈልገው ይመክራሉ፤ ለወጣቶች ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት። በረመዳን ይህ በአንድ ጊዜ አይሞላም። ስለዚህ ቀደም ብሎ መተኛትና ከዙህር አካባቢ በምትደረግ አጭር ቀይሉላ ማካካስ ያስፈልጋል።

የስልኩ ብርሃንም የራሱ ጉዳት አለው። አእምሯችን ሲጨልም ሜላቶኒን የተባለውን እንቅልፍ የሚጠራ ሆርሞን ያመነጫል። ሌሊት ከዓይን አጠገብ የሚበራ ስክሪን ይህን ያዘገየዋል፤ ስለዚህ ስልኩን ካስቀመጥን በኋላም እንቅልፍ ቶሎ አይመጣም። ቁርኣን በሱረቱ አን-ነበእ ሌሊትን በልብስ፣ እንቅልፍንም በዕረፍት ይገልጻቸዋል። አቡ በርዛ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዒሻ በፊት መተኛትን፣ ከዒሻ በኋላም ወሬ ማብዛትን ይጠሉ ነበር። ዑለማኦች ዕውቀትን፣ እንግዳንና የቤተሰብ ጭውውትን ከዚህ ለይተዋል። ብቻችንን ጥግ ይዘን የምናየው ቪዲዮ ግን ከእነዚህ ውስጥ አይገባም።

በጾም ቀን ራሳችንን ሲያመን፣ በትንሽ ነገር ስንቆጣ፣ «ቡና ስላጣሁ ነው» እንላለን። የቡናው ድርሻ እውነት ነው፤ የእንቅልፍ ማጣቱ ድርሻ ግን ይረሳል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ትዕግሥቱ ይቀንሳል፤ በሚስቱና በልጆቹ ላይ ይጮኻል። ስክሪን ላይ ስናፈጥ ዓይናችንን የምንጨፍንበት ቁጥር ስለሚቀንስም ዓይን ይደርቃል፤ ይቆጠቁጣል። የዓይን ሐኪሞች በየ20 ደቂቃው ለ20 ሴኮንድ ስድስት ሜትር ያህል ርቆ ወዳለ ነገር ማየትን ይመክራሉ። ለረጅም ሰዓት ማቀርቀርም አንገትንና ትከሻን ያማል።

ስለ ሕፃናትም አንድ ነገር እንበል። እናት ሳምቡሳ ስትጠቀልል ልጁ እንዳያስቸግር ስልክ ይሰጠዋል። የእናቶችን ድካም እናውቃለን፤ አንፈርድም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ ግን ከአንድ ዓመት በታች ያለ ሕፃን ምንም ስክሪን እንዳያይ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለ ልጅም በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳያልፍ፣ ቢያንስ ደግሞ የተሻለ እንደሆነ ይመክራል። ልጁ ሊጡን ይንካው፤ ቴምሩን ይቁጠር፤ ውኃውን በየብርጭቆው ይቅዳ። ቤቱ ትንሽ ይበላሻል፤ ልጁ ግን ረመዳንን ያውቃል።

ከቪዲዮ የተወሰደ ፈትዋና የሕክምና ምክር

በሠፈራችን የሚኖሩ አንድ አባት የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ጣትን ወግቶ ስኳር መለካት ጾም ያበላሻል የሚል ቪዲዮ ተልኮላቸው መለካቱን ተዉ። አንድ ቀን ከዐስር በፊት ላብ አጠመቃቸውና ወደቁ። አላህ ረድቷቸው ጎረቤት ደረሰላቸው፤ ወደ ሕክምና ተወስደውም ዳኑ። ሲያገግሙ «ቀድሜ ለምን አልጠየቅኋችሁም?» አሉን። እኛም ቀድመን በመስጂድ ባለመናገራችን ራሳችንን ወቀስን።

ስለዚህ ዛሬ እንናገር። ዑለማኦች እንዳብራሩት ለምርመራ የምትወጣ ጥቂት የደም ጠብታ ጾም አታበላሽም። የስኳር ሕመምተኞችን የሚከታተሉ ሐኪሞች ደግሞ መጠኑ በዴሲ ሊትር ከ70 ሚሊ ግራም ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ ጾሙን ወዲያው መፍታት እንደሚገባ ይመክራሉ፤ ለመግሪብ ጥቂት ደቂቃ ቢቀርም እንኳ። አላህ በሱረቱል በቀራ ለታመመ ሰው ቀኑን በሌላ ጊዜ እንዲያወጣ ፈቅዷል፤ ሕመሙ የማይድን ለሆነና መጾም ለማይችልም ፊድያ አለ። መድኃኒትን ማቋረጥም ሆነ ሰዓቱን ማዛወር ከሐኪም ጋር፣ የጾሙን ብያኔ መጠየቅም ከምናውቃቸው ዓሊሞች ጋር እንጂ ማን እንደሠራው ከማይታወቅ ቪዲዮ ጋር አይደለም።

በዚሁ አንጻር በየዓመቱ የሚደርሰን አንድ መልእክት አለ። የረመዳንን መግባት ቀድሞ ለሌላው የተናገረ ሰው ከእሳት እንደሚድን ይናገርና ለብዙ ሰው እንድናስተላልፍ ያዘናል። ይህ በሐዲስ ዑለማኦች ዘንድ መሠረት የሌለው ነው። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ያላሉትን መለጠፍ ደግሞ ከከባዱ ወንጀል አንዱ ነው። ሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣ እንድናጣራ ያዛል። የሰማውን ሁሉ የሚያወራ ሰው ውሸታም ለመባል ያ እንደሚበቃው በሙስሊም ዘገባ ተላልፏል። ጣታችን ማስተላለፊያውን ከመንካቷ በፊት አንድ ጊዜ ትቁም።

ምላስ ስትጾም ጣትም ትጹም። የሰውን ስም በጽሑፍ ማጥፋት በአፍ ከማማት አይለይም፤ እንዲያውም ጽሑፉ ይቀራል፤ ብዙ ሰውም ያየዋል። ሐሰትንና በሐሰት መሥራትን ያልተወ ሰው ምግቡንና መጠጡን ቢተው አላህ ጉዳይ እንደሌለው አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ ተነግሮናል። ለሚስኪን የምንሰጠውን የኢፍጣር ምግብ እያስጨበጥን ፎቶ ማንሣትም ሁለት ጉዳት አለው። የተቀባዩን ክብር ይነካል፤ የሰጪውንም ኒያ ለሪያእ ያጋልጣል።

ምን እናድርግ?

በየቤታችን የሚቻሉ ጥቂት ነገሮችን እንጠቁም።

አንደኛ፣ ለስልክ ቦታ እናብጅለት። የልጆቻችን እናት በቤታችን አንድ ሰፌድ አዘጋጅተዋል። የመግሪብ አዛን ሊል አሥር ደቂቃ ሲቀረው ስልኮች ሁሉ ድምፃቸው ጠፍቶ ሰፌዱ ላይ ይቀመጣሉ፤ እስከ ተራዊሕ ፍጻሜ አይነሡም። ቀድሞ የሚያስቀምጠው አባት ይሁን። አባት ይዞ ልጅን «አስቀምጥ» ማለት ጥቅም የለውም። ሁላችንም እረኞች እንደሆንን፣ ስለ መንጋችንም እንደምንጠየቅ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል።

ሁለተኛ፣ ሩቅ ላለው ዘመድ ሰዓት እንቁረጥለት። ለእኒያ እናት የመከርናቸው ይህንን ነው። ልጅቱ ስትደውል ስልኩ ረከቦቱ ላይ ተደግፎ ይቁም፤ ቤተሰቡ ሁሉ በፊቱ ይቀመጥ፤ የሌላው ሰው ስልክ ሰፌዱ ላይ ይሁን። ከሳምንት በኋላ መጥተው፣ «ትናንት ወንድሟ ሲያዛጋ አይታ ሳቀችበት» ብለው እየሳቁ ነገሩን። ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስልክ መኝታ ቤት አይደር። ለሱሑር የሚቀሰቅሰን ከሆነ ከአልጋው ርቀን፣ ተነሥተን የምናጠፋበት ቦታ እናኑረው። በዚህ ከእንቅልፋችንም እናተርፋለን፤ ለሱሑርም በእርግጥ እንነሣለን። በሱሑር ውስጥ በረካ አለ፤ ሱሑሩን በቪዲዮ እያየን ከጨረስነው ግን የዱዓው ሰዓት ያመልጠናል።

አራተኛ፣ የሶላት ሰዓት የሚነግረንን መተግበሪያ እንፈትሽ። ወደ ሌላ ከተማ የተጓዘ ሰው ስልኩ በቀድሞው ከተማ እንደተሞላ ሊቀር ይችላል። ጥቂት ደቂቃ ቀድሞ ማፍጠር የቀኑን ድካም ስለሚያበላሽ ከአካባቢው መስጂድ አዛን ጋር እናስተያየው።

አምስተኛ፣ ያተረፍነውን ጊዜ ባዶ አንተወው። በተለመደው የመዲና ሙስሐፍ ቁርኣን 604 ገጽ ነው። ከእያንዳንዱ ፈርድ ሶላት በኋላ አራት ገጽ፣ አልፎ አልፎም አንድ ጨምሮ የቀራ ሰው በ30 ቀን ያኸትማል። ለአራት ገጽ የሚያስፈልገው ጊዜ ሁለትና ሦስት ቪዲዮ ከምናይበት አይበልጥም። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ፣ ብዙ ሰው ከሚከስርባቸው ኒዕማዎች ሁለቱ ጤናና ትርፍ ጊዜ ናቸው። የዛሬው ስልክ፣ ካላወቅንበት፣ ሁለቱንም ባንድ ላይ ይወስዳል።

እኛም ቃል በገባነው መሠረት ዘንድሮ ከዐስር በኋላ ከልጃችን ፊት የምንቀመጠው ባዶ እጃችንን ነው። እርሱ ግን ገና አላመነንም። አንዳንድ ቀን ሆን ብሎ አንድ አያ ይዘላል። «ተመለስ» እንለዋለን። ፈገግ ይልና ይመለስበታል፤ ድምፁም ከፍ ይላል። ያቺ ፈገግታ ባለፈው ዓመት ያጣናት ናት።

አላህ ጾማችንን፣ ቂያማችንንና ቂርኣታችንን ይቀበለን። በሰው አገር ሆነው የሚጾሙ ልጆቻችንን በሰላም ወደ ቤታቸው ይመልስልን። የታመሙትን ያሽርልን። ዓይናችንን ለሚገባው፣ ጆሯችንን ለሚጠራን ያድርግልን። አሚን።

ረመዳን ከሪም። ወላሁ አዕለም።